የአልጋ ሦስቷ እትዬ

መምህሩን ሞቶ ያገኘው ሽቦ ነው። ሽቦ የሕክምና ትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው፤ ተማሪዎቹ ይህን ስም ያወጡለት ቅጥነቱንም፣ አንገቱ ላይ የማይጠፋውን ገመድም አይተው ነው። ጠዋት ሥራ ሲገባ በጓሮ በኩል ዞረ። ከኋላ ደረጃው ሥር መምህሩ፣ ሁሉም ዶክተሩ የሚሉት፣ በጀርባው ተንጋሎ ነበር።

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ ሳጅኑ የተሰበሰበውን ሰው በትኖ ጨርሷል። ተንበርክካ ብዙ ቆየች። የዶክተሩ ራስ ከኋላ ተፈንክቷል፤ ደሙ ሲሚንቶው ላይ ደርቋል። ግራ ጫማው ደረጃው መሐል ቀርቷል። እስከዚህ ድረስ ወድቆ የሞተ ሰው ነው። ግን የገዛ ኮቱ ተጣጥፎ ከራሱ ሥር ተደርጎለታል። የታጠፈውም በግልባጩ ነው፤ ሻካራው ጨርቅ ወደ ውስጥ፣ ለስላሳው ገበር ወደ ጉንጩ። ዓይኖቹም ተከድነዋል።

"ወድቆ ነው ብዬ እንዳልፈው ይሄ ኮት አላስቻለኝም" አለ ሳጅኑ።

"ወድቋል። ሲወድቅ ግን ብቻውን አልነበረም።"

"ዘራፊ ይሆን?"

"ኪሱ እንዳለ ነው። ዘራፊ ደግሞ ትራስ አያነጥፍም።" ገበሩን በጣቷ ዳሰስ አደረገችው። "ይህን ያደረገው ሰው በሽተኛ አስታሞ ያውቃል።"

"እዚህ ግቢ ያለው ሁሉ ሐኪም ነው እኮ።"

"ሐኪም አላልኩም። አስታማሚ ነው ያልኩት።"

የአስከሬን መርማሪው መጥቶ አየና፣ ሰውየው እንደወደቀ ወዲያው እንዳልሞተ፣ ጥቂት ቆይቶ እንደሆነ ተናገረ። ደረጃው ከቤተ መጻሕፍቱ ጋር ግድግዳ ይጋራል። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ትናንት አመሻሹ ላይ፣ ልትዘጋ ስትሰናዳ፣ ከባድ ነገር ሲወድቅ ሰምታ ነበር። የመጽሐፍ ጋሪ የተገለበጠ መስሏት አልወጣችም። ይህን ስትናገር መሐረቧን አፏ ላይ አድርጋ ነበር።

ደረጃው ወደ ላይ የሚወስደው ዶክተሩ ያስተምርበት ወደነበረው ክፍል ነው። ሽቦ ከፈተላቸው። ወንበሮች፣ ኮምፒውተሮች፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉ ትልልቅ ጥቁር መነጽሮች፤ ሌላ ምንም የለም።

"ሆስፒታሉ ይሄ ነው" አለ ሽቦ።

"የታል?" አለ ሳጅኑ።

"መነጽሩ ውስጥ።"

ሳጅኑ አንዱን አንስቶ አጠለቀ። ሁለት እርምጃ ሳይሄድ የሌለ ወንበር ላይ ሊቀመጥ ሲል ሽቦ በክንዱ ይዞ አዳነው። ኢንስፔክተሯ በተራዋ አደረገች። ረጅም ኮሪደር ውስጥ ቆማ ራሷን አገኘች። መስኮቱ ላይ ዝናብ ይንጠባጠባል። በአንድ በኩል አልጋዎች ተደርድረዋል፤ ሦስተኛው ላይ ሻሽ ያሰረች ቀጭን ሴት አንሶላው ላይ እጇን አነባብራ ተኝታለች። ደረቷ ከፍ ዝቅ ይላል።

"ተማሪዎቹ ከመኝታ ክፍላቸውም ከያሉበት ከተማም ሆነው ነው የሚገቡት" የሚለው የሽቦ ድምፅ ከሩቅ መጣባት። "መርፌ መውጋት በፕላስቲክ ክንድ ይለማመዳሉ። ክፉ ወሬ መናገር ግን በምን ይለመዳል? ዶክተሩ ይህን ዓለም የሠሩት ለዚያ ነው። እዚህ ቢሳሳቱ የሚጎዳ ሰው የለም ይሉ ነበር። እሷን እትዬ ነው የምንላት። ተማሪው ይገባና በሽታዋ እንደማይድን ይነግራታል።"

"የምትመልስለት ማነች?"

"ሰው ናት። የዶክተሩ ሚስት እህት። ከቤቷ ሆና በማይክሮፎን ትናገርላታለች። የምትከተለው ታሪክ አላት፤ እትዬ ልብስ ሰፊ ናት፣ ሁለት ወንዶች ልጆች አሏት፣ ባሏ ከከተማ ውጭ ነው የሚሠራው፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ይቀጥላል።"

"ፊቷስ?"

ሽቦ የአንገቱን ገመድ ጠመዘዘ። "ፊቷ የሟች ሚስታቸው ነው። ፈቅዳ ነው የሰጠችው። የእሷን መርዶ የነገራት ሐኪም ኮሪደር ላይ እየተራመደ ነው የነገራት። 'ሌላው ሰው እንዲህ በእግረ መንገድ እንዳይነገረው ፊቴን ውሰዱና ይለማመዱበት' አለች። ከዚያ ብዙም አልቆየች።"

ኢንስፔክተሯ መነጽሩን አወለቀች። "ከዶክተሩ ጋር ሰሞኑን ተጣልታችሁ ነበር አሉ።"

"የሥራ ነገር ነው።"

"ምን ዓይነት ሥራ?"

"የሥራ" አለና አንገቱን ደፋ።

ሽቦን የተጠራጠረው ሳጅኑ ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ብሎ ትናንት አመሻሹ ላይ የት እንደነበረ ሊያጣራ ሄደ። ሽቦ ግን ፀጉር ቤት ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ሳይጠየቅ ሁሉ ነገረው፦ "ተራው ደርሶ ሰው አሳለፈ፣ ደግሞ አሳለፈ። ቤቱ መግባት የፈራ ነው የሚመስለው። ሚስቱ ተቆጥታው ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ።"

ቀጥሎ የመጣው 'በረኛው' የሚሉት ተማሪ ነው። የኳስ ችሎታ ኖሮት አይደለም። መጀመሪያ ሲፈተን የእትዬን መርዶ በር ላይ ቆሞ፣ ሳይገባ ነግሯት ስለነበረ ነው። ዶክተሩ ጣለው። ሁለተኛም ጣለው። በረኛው የተማሪዎች ምግብ ቤት ውስጥ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ "ይሄ ሰውዬ ሳይቀበር እኔ አልመረቅም" ብሏል።

አሁን የመኝታ ክፍሉ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን ያሻል። ፊቱ ቲማቲም መስሏል።

"ቀልድ ነበር" አለ። "ሰው የሚለውን ነው ያልኩት።"

"ትናንት አመሻሹ ላይ የት ነበርክ?"

"እዚሁ። እትዬ ጋ። ሦስተኛ ዕድሌ ነበር።" ከፊት ለፊቱ ያለውን አልጋ በአገጩ አሳየ። "ጓደኛዬ ተኝቶ ያየኝ ነበር።"

"አልተነሳም፣ መነጽሩን አላወለቀም" አለ ጓደኛው። "ሲያለቅስ ግን አይቻለሁ። መነጽር ያደረገ ሰው ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም፤ ከሥር ነው የሚፈሰው።"

ኢንስፔክተሯ ወንበር ስባ ከበረኛው ፊት ተቀመጠች። "ምን አስለቀሰህ?"

"እንደ ሌላው ጊዜ አልነበረችም። ሌላ ጊዜ ታለቅሳለች፣ ለምን እኔን ትላለች። ጎበዝ ናት፤ ግን ትወና መሆኑ ይታወቃል። ትናንት ቀስ ብላ ነው የምታወራው። ትንፋሿ ይቆራረጣል። አንዳንዱ መልሷ ከጥያቄዬ ጋር አይገጥምም፤ ሕመሙ ነው ብዬ ተውኩት። ልጅ አለዎት ወይ ስላት፣ 'የፊት ጥርሷ ወልቋል። አዲሱ እስኪበቅልላት አትንገሯት' አለችኝ።" አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ። "ያኔ ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ተቀመጥ ያለኝ የለም።"

"ከዚያስ?"

"ምን ላድርግልዎት አልኳት። 'አጥፋው' አለችኝ። መብራቱን መስሎኝ ግድግዳው ላይ ማጥፊያ ስፈልግ ቆየሁ። እዚያ ማጥፊያ የለም። 'እባክህ አጥፋው' አለችኝ ደግማ። ሰዓቱ አለቀና ወጣሁ።" ቀና አለ። "ዶክተሩ ቢሰሙኝ ኖሮ ያሳልፉኝ ነበር።"

ውጭ ሲወጡ ሳጅኑ ሳቅ ሊል ሞከረና ተወው። "እሱም ነጻ፣ ስታናግረው የነበረችው የሚስትየው እህትም ነጻ። አንዱ ላንዱ ምስክር ሆኑ። እኛ እንግዲህ ባዶ እጃችን ቀረን።"

ዶክተሩ የሚኖረው እዚያው ግቢ፣ ከትምህርት ክፍሉ ጀርባ ካሉት የመምህራን ቤቶች አንዱ ውስጥ ነው። ሳሎኑ በለቀስተኛ ሞልቶ ነበር። በሩን የከፈተችው የሚስቱ እህት፣ የሴት ልጁ አክስት ናት። ለኢንስፔክተሯ አልጋ ሦስት ላይ ያየቻት ሴት ዕድሜ ጨምራ ተነሥታ የመጣች መሰላት።

አክስትየው ወደ ራሷ ክፍል አስገባቻት። ጠረጴዛ፣ ኮምፒውተር፣ ማይክሮፎን። አልጋው አንድ እጥፋት ሳይታይበት ተነጥፏል።

"ትናንት አመሻሹ ላይ ሥራ ላይ ነበርኩ" አለች። "በረኛው የሚሉት ልጅ ነበር ተራው። ይጠይቁት።"

"ጠየቅኩት። አልቅሻለሁ አለኝ።"

የአክስትየው እጅ ጠረጴዛው ላይ ባለበት ቀረ። "አለቀሰ?"

"አዎ። አጠገቧ ተቀመጥኩ አለኝ።"

"እንዲያ ከሆነ ተምሯል" አለች፤ ድምጿ እምብዛም አልተሰማም።

የዶክተሩ ልጅ ከጎን ባለው ክፍል ነበረች። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ቁመቷ የአባቷ ነው። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ፣ ሰው ሲገባ ተነሥታ ወንበር አቀረበች። እንዲህ ያለ ቀን እንኳ አስተዳደጓን አልረሳችም። አክስቷ እናቷ ከሞተች ጊዜ ጀምሮ አብራቸው እንደምትኖር፣ እንዳሳደገቻት፣ ትናንት ማታ ልጅቷ ከማጠናከሪያ ትምህርት ስትመለስ አክስቷን ሹራቧን ስታጥብ እንዳገኘቻት ለኢንስፔክተሯ ነገረቻት።

"ስታለቅስ ነበር። አንዳንዴ ከሥራዋ በኋላ ታለቅሳለች፤ ስለዚህ አልጠየቅኳትም። አባዬም ሥራ ሲበዛበት እዚያው ክፍሉ ያድራል" አለች።

ኢንስፔክተሯ ግድግዳው ላይ ያለ ፎቶ እያየች ነበር። ሻሽ ያሰረች ቀጭን ሴት ጭን ላይ አንዲት ትንሽ ልጅ አፏን ከፍታ ትስቃለች። ሁለቱ የፊት ጥርሶቿ የሉም።

"ይቺ አንቺ ነሽ?"

"አዎ። ከእማዬ ጋር የተነሣሁት የመጨረሻው ነው። መታመሟን እንጂ እንደምትሞት አላውቅም ነበር። ማንም አልነገረኝም። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤቱ ሰው ሞልቶት አገኘሁ።" ወደ ሳሎኑ ጆሮዋን ሰጠች። "እንደ አሁኑ።"

ኢንስፔክተሯ አመስግና ወጣችና ሳጅኑን ከለቀስተኛው መሐል ጠርታ ከቤቱ አራቀችው።

"እትዬ ስንት ልጅ አላት ነበር ያለን ሽቦ?"

"ሁለት። ወንዶች።"

"ታዲያ ጥርሷ የወለቀው ልጅ የማን ናት?"

ሽቦ ትምህርት ክፍሉ ውስጥ፣ መብራት ሳያበራ፣ ተቀምጦ አገኙት። ኢንስፔክተሯ ስለ ጥርሱ ስትነግረው ሁለት እጁን ፊቱ ላይ አደረገ። ከዚያ በኋላ መጠየቅ አላስፈለገም።

"ዶክተሩ ስልካቸው ላይ ድምፅ ነበራቸው" አለ። "ሚስታቸው በመጨረሻ የተኛች ጊዜ የቀዱት። ለራሳቸው ነበር። ስትናፍቃቸው በር ዘግተው ይሰሙት ነበር፤ እኔም ሰምቻቸው አውቃለሁ። ከጊዜ በኋላ መጥተው 'ትወና ልጆቹን አልነካቸውም፤ እውነተኛውን ይስሙ' አሉኝ። ተማሪው ለሚጠይቀው ማሽኑ ከእሷ ድምፅ የሚቀርበውን መርጦ እንዲመልስ አደረግኩት። ስሠራው ሁሉንም መስማት ነበረብኝ። ሰውየው እየቀዱ እሷ 'አጥፋው' ትላለች። ስልኩን ነው የምትለው። 'ዶክተር፣ አጥፋው እያለችዎት እኮ ነው' አልኳቸው። 'ታምማ ነው' አሉኝ። የተጣላነው በዚህ ነው። ተጣልቼም ግን ሠራሁት። ትናንት የመጀመሪያው ቀን ነበር።"

"እህቷ ታውቃለች?"

"ቀስ ብዬ እነግራታለሁ ብለው ነበር። አልነገሯት ይሆናል። እንደ ወትሮዋ ብትገባ ማይክሮፎኗ አይሠራላትም። የሚባለውን ግን ትሰማለች።"

ኢንስፔክተሯ መነጽሩን አጠለቀች። ሽቦ ድምፁን ከመጀመሪያው ለቀቀላት። የሚቆራረጥ ትንፋሽ፣ ስለ ውሃ የቀረበ ልመና፣ ስለ ጥርስ የተነገረው። ቀጥሎ ያ ቃል መጣ፤ ማሽኑ ቆርጦ የጣለው ጭራም አብሮት ነበር፦ "አጥፋው። እባክህ አጥፋው። እንዲህ ሆኜ ልጄ እንዳትሰማኝ።"

ሳጅኑ ምን ሰማሽ ሲላት መነጽሩን አውልቃ ግድግዳው ላይ መልሳ ሰቀለችው።

"ሴትየዋ ከቤቷ ነበረች ያለን ሁሉ" አለች በመጨረሻ፣ "የሰማው የሟች እህቷን ድምፅ ነው።"

አክስትየው በሩ ሲንኳኳ ማን እንደሆነ ያወቀች ትመስል ነበር። ክፍሏ ገብተው በሩን ዘጉ። ኢንስፔክተሯ ቆማ ልትጠይቃት አልፈለገችም፤ አልጋው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

"ድምፁን ሰማሁት" አለች ኢንስፔክተሯ።

አክስትየው ራሷን ነቀነቀች። "ገብቼ 'ጤና ይስጥልኝ' ልል ስል እሷ ቀደመችኝ። መጀመሪያ ያበድኩ መሰለኝ። ያን ጊዜ አልጋዋ ሥር ሆኜ የሰማሁትን ነው የምትለው። ቃል በቃል። አጥፋው ስትለው እኔም እዚያ ነበርኩ፤ አጥፋላት ብዬዋለሁ። ያጠፋው መስሎኝ ነበር።"

"ከዚያ ሄዱ።"

"ሮጥኩ። ደረጃው ላይ ሊወርድ ሲል አገኘሁት። ደምስሰው አልኩት። 'አንቺ እኮ በትወናሽ ደክመሻል፣ አሁን ታርፊያለሽ' አለኝ። ውለታ የዋለልኝ መስሎታል። ስንት ዓመት እሷን ሆኜ ስሞት ኖሬያለሁ፤ በቀን ሦስት አራት ጊዜ የምሞትበት ቀን ነበር። ያደረግኩት ፊቷን ብቻ ስለሰጠች ነው፤ ድምፄን ሰጥቼ የእሷን ጣር ከሰው ልሸፍንላት ብዬ። 'ሞቷ ለሰው ይጥቀም' አለኝ። ስልኩን ልነጥቀው ስል ጎተተ። ያኔ…" አቆመች። "ለቀቅኩት ልበልዎት? ገፋሁት። እጄ ያውቀዋል።"

ከሳሎን የለቀስተኛ ጉርምርምታ ይሰማል።

"ወዲያው አልሞተም" አለች ኢንስፔክተሯ በቀስታ።

"አልሞተም። ስልኬን ቤት ትቼ ነው የመጣሁት፤ የእሱ ደግሞ ከእጁ ወድቆ አልበራልኝም። ሰው ልጥራ ብዬ ስነሣ እጄን ያዘኝ። አየኝ፤ በእህቴ ስም ጠራኝ።" እንባዋ አሁን ነው የመጣው፣ ያለ ድምፅ። "'መጣሽ?' አለኝ። ምን ልበለው? 'መጣሁ' አልኩት። ይህን ስንት ዓመት ስሠራው የኖርኩት ሥራ ነው። በረደኝ ሲለኝ አለሁ አልኩት። ልጅቷስ ሲለኝ ደህና ናት አልኩት። እስኪለቀኝ ድረስ እሷን ሆኜ ቆየሁ። ሰው ብጠራለት ይተርፍ ነበር ወይ፣ አላውቅም። ይህን እያወጣሁ እያወረድኩ ነው።"

"ለምን ዋሹኝ?"

"እስኪቀበር ድረስ ነበር። ልጅቷ አባቷን ብቻዋን እንዳትቀብር። ከዚያ ራሴ እመጣ ነበር፤ ቢያምኑኝም ባያምኑኝም።" ቀና አለች። "አሁን ድምፁ ይደመሰሳል አይደል?"

ኢንስፔክተሯ አልዋሸቻትም። "ማስረጃ ነው። ይቀመጣል። የሚሰሙትም ይኖራሉ።"

አክስትየው ዓይኗን ጨፈነች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለች ሴት ፊት እንዲህ ነው፤ ኢንስፔክተሯ በሥራዋ ብዙ ፊት አይታለች፣ ይህን ግን ማየት ስላልቻለች ወደ መስኮቱ ዞረች።

ቀብሩ በማግስቱ ነበር። ኢንስፔክተሯ ሴትየዋን ያን ቀን አልወሰደቻትም። ሳጅኑን ያለ ደንብ ልብሱ ሳሎን ከለቀስተኛው ጋር አስቀመጠችው፤ አለቃዋ ቢጠይቃት ምን እንደምትል አልተዘጋጀችም። በቀብሩም ልጅቷ የአክስቷን ክንድ ይዛ ቆመች። አፈሩ ሲወርድ ፊቷን አክስቷ ትከሻ ውስጥ ቀበረች፤ አክስትየውም አቀፈቻት። ኢንስፔክተሯና ሳጅኑ ከኋላ ቆመው ያዩ ነበር። ሳጅኑ እንባውን እንዳይታይበት ጫማውን ሲያስር ቆየ።

ከቀብር ሲመለሱ አክስትየው ልጅቷን ወደ ክፍሏ ይዛ ገባች። ኢንስፔክተሯ በሩ አጠገብ ቆመች። መጀመሪያ የአክስትየው ዝግ ያለ ድምፅ ተሰማ፤ ጎትታ ሳታረዝመው፣ ሳትደብቅም ተናገረች። ከዚያ ልጅቷ አንድ ነገር ጠየቀች።

ልጅቷ ብቻዋን ወጣች። ጫማዋ ላይ የቀብሩ አፈር አለ። ዓይኗ ደርቋል።

"አባዬ በእማዬ ስም ነው የጠራት?"

"እንደዚያ ብላኛለች።"

"መለሰችለት?"

"መልሳለታለች።"

ልጅቷ ግንባሯን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ቆየች። ከሌላ ከተማ የመጣው የአባቷ ወንድም ሊይዛት ቀረብ ሲል ትከሻዋን አነሣችበት።

"የምትወስዷት ቦታ ይበርዳል?" አለች።

"ይበርዳል" አለች ኢንስፔክተሯ።

ልጅቷ ተመልሳ ገባች። ቁም ሣጥን ሲከፈት ተሰማ። ወፍራም ጃኬት፣ ካልሲዎች፣ የሌሊት ልብስ በቦርሳ አድርጋ ወጣች። ሳጅኑ ልሸከምልሽ ቢላት አልሰጠችውም። ከአክስቷ ኋላ ኋላ፣ ሳትነካት፣ እስከ መኪናው ሄደች። አክስትየው ገብታ ስትቀመጥ ቦርሳውን ጉልበቷ ላይ አኖረችላት። አክስትየው ልጅቷን ቀና ብላ ብታያት ልጅቷ አላየቻትም።

"መጠየቅ የሚቻለው መቼ መቼ ነው?" አለች፣ ወደ ኢንስፔክተሯ ዞራ።

"ቅዳሜና እሑድ። ከጠዋት ጀምሮ።"

"እሺ" አለች ልጅቷ፤ የመኪናውን በር ራሷ ዘጋችው።